የጋሽ በራሶ ደረጃ

የጋሽ በራሶ የለቅሶ ድንኳን ከተነሳ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ቤቱ ተከራየ። አዲሱ ተከራይ ፍራሹን ተሸክሞ ሲገባ ሱቄ በር ላይ ሽንኩርት እየለቀምኩ ነበር። "እማማ፣ አምስተኛው ላይ ከኔ በፊት ማን ነበር?" አለኝ። እማማ ማለቱ ሳያንስ! "አንድ ሰው ነበር" አልኩት። ገና ዕቃውን ሳያስገባ ስለ ሞት ላወራለት ነው? እሱ እያፏጨ ወጣ፣ እኔ ሽንኩርቴን ትቼ ቁጭ አልኩ። ያ ሰው "አንድ ሰው ነበር" ተብሎ የሚታለፍ ሰው አልነበረም።

ስለ እኔ ብዙ የሚወራ የለም። አስቴር እባላለሁ። ዲላ ውስጥ "አሮጌው ፎቅ" ካሉት ባጃጅ ሁሉ የሚያውቀው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አለ፤ ምድር ቤቱ ላይ ሱቅ አለኝ። ድሮ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ቢሮ ስለነበር ማመልከቻ የያዘ ሰው በሬ ላይ ተሰልፎ ይውላል። ኢንሹራንሱ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ፣ ቡና ላኪዎቹ፣ ስሙን ጠርተን የማንጨርሰው የእርዳታ ድርጅት፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ሠርቶ ሄደ፣ የእርዳታው ፕሮጀክት አለቀ፣ ቡና ላኪዎቹም ቡናውን ተከትለው ይርጋጨፌ ገቡ። ሕንፃው ለርግብ ቀረ። እኔም ማሽኔን በጨርቅ ሸፍኜ ሽንኩርትና ሳሙና መሸጥ ጀመርኩ። ምን ይደረጋል፣ ርግብ ፎቶ ኮፒ አያስደርግ!

ባለቤቱ ከድር ነው፤ ከደጋ መጥተው እዚሁ ነግደው የከበሩት ሐጂ ልጅ። አባቱ ሲሞቱ ሕንፃውን ወረሰ። "ቢሮ ፈላጊ ጠፍቷል፣ ቤት ፈላጊ ግን ሞልቷል" ብሎ ክፍሎቹን ወደ መኖሪያ ቤት ሊቀይራቸው ወሰነ። ውሸት አልነበረውም፤ የዩኒቨርሲቲው አስተማሪ፣ የባንኩ ሠራተኛ፣ ቤቱ ለመንገድ የፈረሰበት፣ ሁሉም ቤት ቤት ይል ነበር። ሥራውን የያዘው ኮንትራክተር ደግሞ ጋሽ በራሶ ነው።

ጋሽ በራሶ ከዲላ ወጣ ብላ ካለችው ከጪጩ የመጣ ጌዴኦ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሲጮህ አስፋልት ላይ ያለ ባጃጅ የሚያስቆም። በወጣትነቱ ይሄው ሕንፃ ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሞበታል፤ አሁን አዛዥ ሆኖ ሲመለስበት የደረቱ አነፋፍ ለጉድ ነበር። ግድግዳ ሲያይ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አድርጎ ጆሮውን ያስጠጋል። ሰውም ሲያጫውት እንደዚያው ነው፣ ትከሻ ያንኳኳል። በአማርኛ ሰው ሲያነጋግር ሴትና ወንድ አይለይም። "አስቴር፣ ሻይ አፍልተሃል?" ይለኛል። "ጋሽ በራሶ፣ ጢም አለኝ እንዴ?" ስለው "ምላስህ ከጢም አይተናነስም" ብሎ በሳቅ ይፈርሳል። ከሰው ጋር ተጣልቶ ማደር አይችልም። ሠራተኞቹን ቀን ሲሳደብ ውሎ ማምሻውን ቆጮ ገዝቶ አብሯቸው ይበላል።

በሥራው ላይ አንድ አባባል ነበረው፤ "ቤት ማለት ሽንት ቤት ነው። ሌላው ጌጥ ነው።" በቢሮ ጊዜ ለአንድ ፎቅ አንድ ሽንት ቤት ይበቃ ነበር፤ ሠራተኛው ሲመሽ ወደየቤቱ ይሄዳላ። መኖሪያ ሲሆን ግን ለየቤቱ ያስፈልጋል። ከድር ደግሞ በየፎቁ ሦስት ሳይሆን አራት ቤት ይውጣልኝ አለ። ከየት ይምጣ? ጋሽ በራሶ ሲያስብ ሰነበተና ዓይኑ ደረጃው ላይ አረፈ። የደረጃው መታጠፊያ ሰፊ ነበር፤ ድሮ ባለጉዳዮች ቆመው የሚያወሩበት። ግማሹን በብሎኬት ቆርጦ ወሰደና የአራተኛውን ቤት ሽንት ቤት እዚያ ሠራው። ከአንደኛ ፎቅ በላይ ባሉት መታጠፊያዎች ሁሉ እንደዚያ አደረገ። "ሽንት ቤት ከአየር ላይ አወጣሁ!" እያለ ሲፎክር ያልሰማው የለም። ከድር አቅፎ ሳመው። ለድካሙም አንደኛ ፎቅ ላይ ያለ ኪራይ የሚኖርበት አንድ ቤት ሰጠው፣ ጋሽ በራሶም ሥራው ሲያልቅ እዚያው ገባ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል አባባ ተክሌ ከልጃቸው ከእመቤት ጋር ቤት ሊያዩ መጡ። እመቤት ነርስ ናት፣ አባቷን የምታስተዳድረው እሷ ነች። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ወደዱት። ሲወርዱ ግን አባባ ተክሌ መታጠፊያው ላይ ቀጥ አሉ። ከዘራቸውን አግድም ይዘው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለኩ። እኔ ለጋሽ በራሶ ሻይ ይዤለት ወጥቼ ነበርና እዚያው ነኝ።

"ልጄ፣ እኔ በዚህ በኩል እንዴት ነው የምወርደው?" አሉት።

"በእግርዎ ነዋ አባባ!"

"በእግሬ የምወርደውንማ አውቀዋለሁ። የመጨረሻውን ነው የጠየቅኩህ። ቢሮ ውስጥ ሰው አይሞትም፤ ቤት ውስጥ ግን ይሞታል። ሣጥን እዚህ ጋ አይዞርም።"

የጋሽ በራሶ ፊት ጠቆረ። "አያሟርቱ አባባ! ሰው ገና ሳይገባበት ሬሳ ይጠራል እንዴ? ሠርግ ያውሩ፣ ልደት ያውሩ!" ብሎ ጮኸ። እመቤትም "አባዬ በማርያም!" ብላ ክንዳቸውን ጎተተች። እኔስ? እኔም "ቸር ይናገሩ እንጂ አባባ" ነው ያልኩት። እኛ አገር እንዲህ ነው፤ ሞት ስሙ ከተጠራ የተጋበዘ ይመስለዋል። ብሎኬቱ ገና ልስን እንኳ አልነካውም ነበር፤ ያን ቀን እናፍርሰው ቢባል በቀላሉ ይነሳ ነበር። ማንም ስላልነካው ቤቱ ተለስኖ፣ ተቀብቶ፣ ሰው ገባበት።

ጋሽ በራሶ ቃል የሚፈራበት ምክንያት ነበረው። በጎልማሳነቱ ለሚስቱ ጪጩ ላይ ቤት ሲሠራላት አንዱ ጎረቤት መጥቶ "ይሄን ሁሉ ግንብ ማን ሊኖርበት ነው፣ ዕድሜ እንደሆነ አጭር" አለው። ቀለሙ ሳይደርቅ ሚስቱ በወሊድ ከነልጇ ሞተች። "ሰውየው በአፉ ነው የገደላት" ይል ነበር። ሌላ አላገባም። ስለ ሞት የሚያወራ ሰው ካየ ሻዩን ጥሎ ይነሳል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በሚቀጥለው ክረምት አባባ ተክሌ አራተኛ ፎቅ ላይ አረፉ።

የእድሩ ሰዎች ሣጥኑን ይዘው ሲወጡ ከአንደኛ ፎቅ በላይ ያለው የመጀመሪያ መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ። አዘነበሉት፣ አቆሙት፣ ገለበጡት፤ ልስኑ ተላጠ እንጂ ሣጥኑ አልዞረም። የእድሩ ዳኛ ላቡን እየጠረገ "በቃ፣ ሣጥኑ ታች ይጠብቅ፤ እሳቸውን እናውርድ" አለ። በምን? ሣጥን በማይዞርበት መታጠፊያ ቃሬዛም አይዞር። የአንድ ሰው ጀርባ ነው ያለው። ለቀስተኛው ደረጃው ላይ ተደርድሮ ሁሉም ወለሉን ያያል። ጋሽ በራሶ ከመሀል ወጣ፤ ጫማውን አወለቀና በርከክ ብሎ "አምጡልኝ" አለ። አባባ ተክሌን በጋቢያቸው ጠቅልለው ጀርባው ላይ አሰሩለት።

ያንን አወራረድ እኔ ከፊት ከፊታቸው እየወረድኩ አይቼዋለሁ። የሽማግሌው እግር በየመታጠፊያው ግድግዳውን ይመታ ነበር፣ ጋሽ በራሶም በተመታ ቁጥር "ይቅርታ አባባ፣ ይቅርታ አባባ" ይላል። እመቤት ከኋላው እየተከተለች "አባቴን እንደ ቡና ጆንያ! ወይኔ አባቴን እንደ ጆንያ!" እያለች ትጮሃለች። አስፋልቱ ዳር ሕዝብ እያየ ሣጥን ውስጥ ገቡ። ነርሷ እመቤት ስንቱን ሬሳ ያየች ልጅ ናት፤ ከዚያ በኋላ ግን ያንን ደረጃ ሳታለቅስ ወጥታ አታውቅም።

በነጋታው ጋሽ በራሶ መዶሻ ይዞ ከድር ጋ ሄደ። "እናፍርሰው" አለው። ከድር ደነገጠ። "ጋሼ፣ ሰው የሚኖርበትን? ደግሞ ቧንቧው በሙሉ በዚያ አይደል የሚያልፈው? አንዱን ብትነካው አምስቱም ፎቅ ውሃ ያጣል።" ልክ ነው፤ ቧንቧውን እንደዚያ ያሰረው ራሱ ጋሽ በራሶ ነው። ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ሱቄ መጥቶ መዶሻውን ሽንኩርቱ ላይ ጣለና "አስቴር፣ ማጌኖ ይፍረድ፤ ሽማግሌው ነግሮኝ ነበር" አለኝ። ማጌኖ በጌዴኦኛ ፈጣሪ ማለት ነው፤ አምርሮ ሲናገር ብቻ ነው የሚጠራው። ከዚያ ቀን በኋላ ደረቱ ተነፍቶ አላየሁትም።

አምስተኛ ፎቅ ላይ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ግማሽ ጎናቸው የማይታዘዝላቸው ሴት ይኖሩ ነበር። ጋሽ በራሶ አንድ ጠዋት ዕቃውን አውጥቶ ኮሪደር ላይ ከመረና የሳቸውን አወረደ። "እርስዎ አንደኛ ፎቅ ይግቡ፣ እኔ አምስተኛ እወጣለሁ" አላቸው። ከአንደኛ ፎቅ ወደ ታች የሚወስደው ደረጃ አሮጌው ነው፣ መታጠፊያው አልተነካም፤ ሣጥን በደንብ ያሳልፋል። ያንን ለሳቸው አልነገራቸውም። እሳቸው ከደረጃው ድካም እንዲያርፉ የተደረገላቸው መስሏቸው ጉልበቱን ሊስሙ ሆኑ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ እሱ ግን በየቤቱ መዞር ጀመረ። ያንኳኳል። "እናትህ ስንት ዓመቷ ነው? ደም ግፊት አለባት? ወደ ታች ለምን አታወርዳትም?" ይላል። አንዷን እርጉዝ "አንተ ደግሞ ስትወልድ ዘመድ ጋ ሂድ፣ እዚህ አይሆንም" ሲላት በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችበት። ሰው ሸሸው። ልጆች ያሏቸው ሴቶች ደረጃ ላይ ሲያገኙት ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ይሸጉጣሉ። "ሟርተኛው መጣ" ይሉት ጀመር። እስቲ አስቡት፣ ሟርት ፈርቶ ያንን ግንብ ያቆመው ሰው! ከድር ጠርቶ "ጋሼ በአላህ፣ ተከራይ ልታባርርብኝ ነው" አለው። አቆመ። ከዚያ ወዲያ ከኔ በስተቀር ብዙ የሚያወራው አልነበረም።

ከዚያ በፊትም ያስለው ነበር፤ የሲሚንቶ ብናኝ ሳንባውን በልቶታል ተባለ። ከሐዋሳ ሐኪም ቤት ሲመለስ ልብሱ ላዩ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። "ገጠር፣ ወርቃ ያለችው እህትህ ጋ ለምን አትሄድም? እዚያ ደረጃ የለ፣ ምን የለ" አልኩት።

"አስቴር፣ ምኔን ይዤ ነው የምሄደው? ያበላሸሁት እዚህ ነው" አለኝና ትንፋሹን ሰብስቦ ቀጠለ። "አንድ ነገር ልንገርህ፣ ግን በእናትህ ማልልኝ፤ ለማንም አትናገርም።"

ማልኩለት።

"እኔ በማንም ጀርባ አልወርድም። ያንን ሽማግሌ ያወረድኩበት ጀርባዬ እስካሁን ይቀዘቅዘኛል። ይሄን ብርድ ለማንም አላወርስም። ቀኔ ሲደርስ አውቀዋለሁ፤ በእግሬ ወርጄ ታች እሞታለሁ። አንተ በር ላይ ቢሆንም።"

"አታሟርት!" ልለው ነበር፣ ቃሉ አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት።

ያ ቀን መጣ። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ሳል ሰማሁ፤ ከላይ፣ ከሩቅ። ቆየት ብሎ ደግሞ ቀረብ ብሎ ሰማሁት። ተከራዮች እየወረዱ "ጋሽ በራሶ ምን ሆኖ ነው ደረጃ ላይ የተቀመጠው?" ይሉኛል። ልወጣ ስል "ተወኝ!" ብሎ ከላይ ጮኸብኝ። ተቀምጦ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ እንደገና ተቀምጦ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ምድር ቤት ገባ። የእሑድ ኮቱን ለብሷል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ወንበር ሰጠሁት፣ ሲቀመጥ ፈገግ አለ። አባባ ተክሌን ካወረደበት ቀን ወዲህ እንደዚያ ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "አስቴር፣ ወረድኩ" አለኝ። እኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

ከሱቄ ጀርባ ያለችውን ክፍል ጠርጌ፣ ፍራሽ ዘርግቼ፣ ከፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ አስተኛሁት። ሞት ግን እንዳሰበው ቶሎ አልመጣም። ሰነበተ። ወሬውም ሰነበተ፤ "ይሄን ሁሉ ቤት የሠራ ሰው ከሽንኩርት ጋር ተኝቷል" ይሉ ጀመር። እኔም እሰማለሁ፣ ዝም እላለሁ፤ ምያለሁና። እመቤት በየቀኑ እየመጣች ታየዋለች፣ አንድም ቀን አልተቀየመችውም። "አስቱ፣ እንደዚህማ አይሆንም" ትለኛለች። "ተዪው፣ እዚህ ይሻለዋል" እላታለሁ። ምን እንደሚሻለው ግን አልነግራት።

በጪጩ ገበያ ቀን "የአገሬ ቆጮ አማረኝ" አለ። ብዙ ቀን እህል ሳይቀምስ ቆይቶ አማረኝ ሲል በደስታ አበድኩ። ጎረቤቴን "ዓይንሽን ጣል አድርጊበት" ብዬ ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ቆጮውንም አይቡንም መርጬ ይዤ ስመለስ ፍራሹ ባዶ ነው።

"ምነው? የት ሄደ?"

ጎረቤቴ ፊቷ በርቷል። "እሰይ፣ ከድር መጣ! እመቤትም መጣች፣ የሕንፃው ልጆችም መጡ። ተጣልቶት የከረመው ከድር እንዴት እንዳለቀሰ! 'ጋሼ ቤት እያለው በሱቅ ጀርባ ይሞታል እንዴ? ሰው ምን ይለናል?' አለ። ከዚያ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው፣ ወደ ቤቱ አወጡት። አልጋውን አንጥፈው፣ አንሶላ ቀይረው! ጋሽ በራሶ ዝም ብሎ እንባው ይወርድ ነበር። ደስ ብሎት!"

ቆጮውን የት እንደጣልኩት አላውቅም። አምስት ፎቅ እንዴት እንደወጣሁም አላውቅም። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ ሟርተኛ እያሉ በር ሲዘጉበት የነበሩት ሁሉ ሾርባ ይዘው፣ ብርቱካን ይዘው ዙሪያውን ቆመዋል። ንጹሕ አንሶላ ላይ አስተኝተውታል። ድምፁ የለም፣ ከንፈሩ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ጆሮዬን አስጠጋሁለት።

"አስቴር፣ አወጡኝ" አለኝ።

"ልንገራቸው? መሐላው ይቅር፣ ልንገራቸውና ያውርዱህ?" አልኩት ቀስ ብዬ።

ዓይኑን አንስቶ ዞር ዞር አደረገ። ከድር ጥግ ላይ ሆኖ እንባውን ይጠርጋል። ያቺ በር የዘጋችበት ልጅ ሕፃኗን ታቅፋ ሾርባውን ታበርዳለች። ሁሉንም አያቸው።

"ተው" አለኝ። "ደስ ብሏቸዋል።"

በማግስቱ ጠዋት ሞተ። ሣጥኑ ምድር ቤት ቆመ፤ ወደ ላይ ይዘውት ለመውጣት እንኳ ማንም አልሞከረም። ከድር ጫማውን አውልቆ በርከክ አለና "ጋሼን አምጡልኝ" አለ። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ወረድኩ። በየመታጠፊያው ግድግዳ እንዳይመታው እግሮቹን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። አንዱ አመለጠኝ።

ድንኳን ውስጥ ሁሉም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከድር እጄን ያዘ፤ ጀርባውን በነጠላ ሸፍኗል፣ በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ ይለዋል። "አስቴር፣ ደግሞ እንኳን ደረስንለት" አለኝ። "ሱቅ ውስጥ ሞቶ ቢሆን ዕድሜ ልካችንን ይቆጨን ነበር። በገዛ አልጋው አረፈ፣ ደግ ሞት ነው።" እመቤትም "አዎ፣ ደግ ሞት ነው" አለች፤ ሌሎቹም ደግ ሞት ነው እያሉ ተቀባበሉት፣ ከዚያ ሁሉም እኔን አዩኝ።

"እግዜር ይስጣችሁ" አልኳቸው።